ጋሼ እንዳለ እና ሆዳሙ ጊታር

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ አሮጌ ዕቃ ላስጠግን ብላችሁ ስትሄዱ ከእናንተ ይልቅ ለዕቃው የሚያደላ። ዕቃውን ከእጃችሁ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ይተክዛል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን ደብድበው እንዳመጡበት አባት ያያችኋል። ለምን ተሰበረ ብሎ አይጠይቅም። መሰበር የአባት ነው። የሚያስቆጣው እናንተ "አዲስ አስመስልልኝ" ማለታችሁ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጎሬም አለ ይባላል፤ ኖፓም አንድ ነበረ፣ ነፍሱን ይማረውና። የመቱው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ይህን የምለው ለከተማዬ አድልቼ አይደለም፤ ጎረቤታቸው ሆኜ ያየሁትን መከራ ስለማውቅ ነው።

የክርስትና ስማቸውን ንስሐ አባታቸው ያውቁታል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አራርሳ ነው። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ትቶ ጋሼ እንዳለ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው። ወንበር ይዛችሁ ብትሄዱ "እንዳለ ይሁን" ይላሉ። ሳጥን ብትወስዱ "እንዳለ ነው የሚያምረው።" ፋኖስ፣ የበር ቁልፍ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ሁሉም እንዳለ። እንዳለ ደግሞ የሰው ስምም ስለሆነ ቃሉ ከዕቃው ላይ ተነሥቶ ሰውየው ላይ ተቀመጠ። ለሥራ የመጡ እንግዶች "እንደምን አደሩ አቶ እንዳለ" ብለው ባርኔጣቸውን ሲያነሡላቸው ጋሼ በትልቅ ትሕትና እጅ ይነሣሉ እንጂ ስማቸውን አያርሙም። አንድ ቀን ለምን እንደማያርሙ ጠየቅኋቸው።

"አንዴ ወጥቷል፤ እንዳለ ይሁን" አሉኝ።

እኔ ጠባያቸውን የተማርኩት በወንበር ነው። ከአባቴ የወረስኩት የዋንዛ ወንበር እግሩ ተሰብሮ ወሰድኩላቸው። አዲስ እግር አበጁለት። እግሩ ጥሩ ነው፣ ዝሆን ቢቀመጥበት አይነቃነቅም። ነገር ግን ቀለም አልነካውም። ሌሎቹ እግሮች በዕድሜ ጠቁረው እሱ ብቻ ፋሻ እንደተጠመጠመበት ነጭ ሆኖ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠቆር ያለ ቀለም ብትቀቡት ምናለ?"

"ልጄ፣ ይሄ እግር ትናንት ነው የተወለደው። ከነዚህ ሽማግሎች ጋር እኩያ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ታስተምረዋለህ?"

ወንበር ውሸት ሊማር መቻሉን ያን ዕለት አወቅሁ። እስከ ዛሬ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለዚያ ነጭ እግር ነው፤ ስለ ጤንነቴ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊው ሱሌማን ደግሞ የሲንጀር መኪናው ክር እየበጠሰ አስቸግሮት ወሰደላቸው። መርገጫውም እንደ ቆሰለ በግ ይጮህ ነበርና እግረ መንገዳቸውን እሱንም ዘይት እንዲያጠጡለት ለመናቸው። ክሩን አስተካከሉለት። ጩኸቱን ግን እንዳለ መለሱለት። "ይሄ ድምፅ ሲሰማ ነው ሱሌማን ሥራ ገባ የሚባለው፤ አገር የለመደውን ድምፅ እኔ አላጠፋም" አሉት። ሱሌማን "ወላሂ ሁለተኛ ደጃቸውን አልረግጥም" ብሎ በሰው ፊት ማለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የደነዘ መቀስ ይዞ እዚያው ደጅ ቆሞ አየሁት። መሐላውንም እንዳለ አስቀምጦት ይሆናል።

ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ብዬ አልዋሽም። አንድ ሰው ቁም ሣጥን አምጥቶላቸው ከውስጥ ጥግ የተርብ ቤት ተገኘ። ማጠፊያውን ጠገኑ፣ መሳቢያውን አቃኑ፣ የተርቡን ቤት ግን "በራሱ ጊዜ የገባ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል" ብለው ተዉት። ተርቡ የወጣው የባለቤቱ ሚስት የክት ቀሚሷን ልታወጣ እጇን ስትሰድ ነው። በዚህ ጉዳይ እኔም ከሴትዮዋ ጋር ነበርኩ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሙጫቸው ነው። ሌሎቹ አናጢዎች ከሱቅ የሚገዛ ማጣበቂያ ይጠቀማሉ። ጋሼ እንዳለ የበሬ ቆዳ ቀቅለው የራሳቸውን ያወጣሉ። ሙጫው የሚቀቀልበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይውላል። ይህ ሙጫ ደርቆ ሲይዝ እንደ ብረት ነው፤ የሞቀ ውሃ ሲነካው ግን እሺ ብሎ ይለቃል። ጋሼ የሚኩራሩት በመያዙ አይደለም፤ በመልቀቁ ነው።

"የኔ ሥራ ይፈታል" ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። "ከኔ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ስሕተት ካየብኝ ሳይሰብር ፈትቶ ያስተካክላል።"

ሥራዬ ይፈታል እያለ ገበያ የሚጠራ አናጢ ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ደግሞ ስሕተት የሚያይባቸው ባለሙያ ይወለዳል ብለው እንደማያምኑ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

እንግዲህ የቡና ጭነት በሚበዛበት ሰሞን አንድ ቀን፣ የጭነት መኪና ነጂው ጅራታ ከያዮ ሲመጣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አውርዶ ከጋሼ እንዳለ ሥራ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሲፈታ ጊታር ነው። ግን በየሙዚቃ ቤቱ ሥዕል ላይ እንደምናየው ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጊታር አይደለም። ፊቱም ጀርባውም እንደ ቫዮሊን ተጠርቦ ወደ ውጭ ያበጠ፣ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የሌለው፣ በግራና በቀኝ ግን ጠመም ያሉ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተቀደዱለት ነው። ያዮዎች ሆዳሙ ይሉታል። ጭስ አጥቁሮታል፤ የጎኑ መገጣጠሚያ ተላቆ አፉን ከፍቷል፤ ፊቱ ላይ ረጅም ስንጥቅ ወርዷል።

የሆዳሙን ታሪክ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ጠላት ሳይመጣ በፊት ጎሬ ተቀምጦ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ነበረ፤ ጊታሩን ከባሕር ማዶ ያመጣው እሱ ነው። ደበሳ የሚባል የያዮ ሰው ሚዛን ያዡ ነበረና ግሪኩ አገር ለቅቆ ሲሄድ ጊታሩን ለሱ ተወለት። በጠላት ዘመን ደበሳ በቆዳ ጠቅልሎ ጫካ ውስጥ ከንብ ቀፎዎቹ ጎን ዛፍ ላይ ሰቅሎት ከረመ። ነፃነት ሲመለስ አወረደው፤ ከዚያ በኋላ በያዮና በአካባቢው ያለ ሆዳሙ የተዳረች ሙሽራ የለችም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ደበሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጫወትላታል፤ ያኔ ነው ከተቀመጠችበት የምትነሣው።

ደበሳ ካቻምና በንዳድ ሞተ። ጊታሩ ጣሪያ ሥር ጭስ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አሁን የደበሳ የራሱ ልጅ ዓያንቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው። እናቷ እትዬ በየነች አንድ ነገር ምላለች፤ አባቷ ሳይሸኛት ልጄ ከቤት አትወጣም ብላለች። አባቷ እንግዲህ ያ ጊታር ነው። የሚጫወተው የደበሳ ታናሽ ወንድም ያደታ ነው።

"ምን በል አለችህ?" አሉት ጋሼ እንዳለ ጅራታን።

"አከ ዱሪ፣ ብቻ ነው ያለችው። አከ ዱሪ ይሁንልኝ በላቸው አለችኝ።"

አከ ዱሪ እንደ ድሮው ማለት ነው። ኦሮምኛውን መቱ ውስጥ የማይሰማ የለም፤ ጋሼማ አፋቸውን የፈቱበት ነው። ቃሉን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሁሉ "አዲስ አስመስሉልኝ" ሲላቸው ኖሮ፣ በመጨረሻ አንዲት ሴት እንደ ድሮው አድርጉልኝ ብላ ላከችባቸው።

መጀመሪያ ምንም አልሠሩም። ያዩታል። በጣታቸው አጥንት ቀስ ብለው ሆዱን ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጥ። እኔ በዚያ ባልፍ "እስ!" ይሉኛል። ከዚያ ማጽዳት ጀመሩ፤ በምን ቢሉ በምራቃቸው። ጥጥ እያረጠቡ፣ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ይጠርጋሉ፣ ጥጡን ይጥላሉ፣ ሌላ ያረጥባሉ።

"ጋሼ፣ ሳሙናና ውሃ ጠፋ?"

"ሳሙና ይልጠዋል፣ ውሃ ይበዛበታል። ምራቅ ልኩን ያውቃል። እኔ ጭሱን ነው የማነሣው፤ ዕድሜውን አላነሣም።"

እውነትም ዕድሜውን አላነሡም። የደበሳ ክንድ ሲያርፍበት የኖረው ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ ገርጥቷል፤ እሱን አልነኩትም። ከአንገቱ ጀርባ አውራ ጣት የሄደበት መንገድ አለ፤ አልነኩትም። የብርጭቆ ወረቀት እዚያ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ። ስንጥቁን በቆዳ ሙጫ ገጠሙ፤ ተመልሶ እንዳይከፈት በቀዳዳው በኩል የታጠፈ ሽቦ እያስገቡ ከውስጥ ቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች ለጠፉበት። የጎኑን መገጣጠሚያ አጥብቀው አሰሩ። የመቱ ዝናብ ሙጫ አላደርቅ ሲል ጊታሩን መኝታ ቤታቸው አስገብተው ከጎናቸው አስተኙት፤ ባለቤታቸው ለጎረቤት ሁሉ ስሞታ ተናገሩ። የጊታሩን ክር ሱሌማን ከአዲስ አበባ ጨርቅ ሲያስመጣ አብሮ አስመጣላቸው።

የቀረው በርኩማው ነበረ። ክራር ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ክሮቹን ከሆዱ ላይ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ እንጨት ነው። በዚህ ዓይነት ጊታር ላይ በርኩማው በሙጫ አይያዝም፤ ክሮቹ በጉልበታቸው ተጭነው ያቆሙታል። ሆዳሙ ላይ የነበረው በርኩማ ከቡና ግንድ በቢላ የተጠረበ፣ ሸካራ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነገር ነው። ጋሼ እንዳለ እሱን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።

"ይሄ የፋብሪካው አይደለም። በኋላ የገባ ባዕድ ነው።"

አቅርበው አሳዩኝ። ቫርኒሹ ላይ ሁለት የበርኩማ ፋና አለ። አንደኛው የቡና እንጨቱ የቆመበት፣ ጠመም ያለ፣ ጎልቶ የሚታይ ነው። ሌላው ከሥሩ የደበዘዘ፣ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለው የመጀመሪያው ነው አሉ። ራሳቸውም በጉብዝናቸው ጎሬ ላይ የግሪኩን ቤት ጣሪያ ሲመቱ፣ ሰውየው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ሰምተውታል። የጠራ እንደ ምንጭ ውሃ ነበረ አሉኝ። ይህን ሲናገሩ መዶሻቸውን አስቀምጠው ነው።

"ግን ጋሼ፣ እንዳለ ይሁን ስትሉን አይደል የኖራችሁት? ይሄ የቡና እንጨትም እኮ ያለ ነው።"

"እንዳለ የምለው ባለቤቱ ሌላ ካላለኝ ነው። ባለቤቷ ዱሪ ብላለች። ዱሪ ማለት ከሁሉ በፊት የነበረው ነው። አለቀ።"

በርኩማ የሚሆን ጥቁር ጠንካራ እንጨት ያስፈልግ ነበረ፤ ዞጲ። ዞጲ ደግሞ መቱ ላይ አይገኝም። አንድ ቀን ሥራ ቤታቸው ስገባ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ከቤኒሻንጉል የመጣውን የዞጲ ከዘራ መጋዝ ሥር አስተኝተው አየሁ። የተርብ ቤት አላነሣም ያለ ሰው የገዛ አባቱን ከዘራ ሲቆርጥ ያን ዕለት ቆሜ ተመለከትኩ። በርኩማውን ሙሉ ዓቢይ ጾም ጠረቡት። ሥሩ ከሆዱ እብጠት ጋር እንዲገጥም ጥላሸት እየቀቡ፣ እያስቀመጡ፣ የነካካውን ብቻ እየፋቁ፣ ፀጉር እንኳ እንዳያስገባ አደረጉት። ካለቀ በኋላ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። እንደዚያ ያማረ የእጅ ሥራ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ እሳቸውና እኔ በጅራታ መኪና ወደ ያዮ ተነሣን። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። ዋዜማውን የወረደው ዝናብ መንገዱን አቡክቶት መኪናው ሲሰጥም፣ ስንገፋ፣ እንደገና ሲሰጥም ረፈደ። ጋሼ ሲገፉ አልዋሉም፤ ጊታሩን አቅፈው መንገድ ዳር ቆመው "አታንገጫግጨው!" እያሉ በጅራታ ላይ ይጮሁ ነበር። ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። የሙሽራው ወገኖች በማዶው ዳገት እየጨፈሩ ሲመጡ ይሰማል።

ዓያንቱ ነጭ ለብሳ ከጓዳው አጠገብ ተቀምጣለች። እትዬ በየነች ጊታሩን ከብርድ ልብሱ ሲወጣ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የባሏ ክንድ ያገረጣውን ቦታ በጣቷ ነካችው። "አልነካችሁትም" አለች፤ "አልነካችሁትም ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።" ጋሼ እንዳለ በዚያች ቅጽበት ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ።

ያደታ ክሮቹን ቃኝቶ መጫወት ጀመረ። ጋሼ እንደነገሩኝ ነው፤ የጠራ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው የሚሰማ። ሰዉ "እሰይ!" አለ። እኔ በጎረቤቴ ኮራሁ። ዓያንቱ ግን አልተነሣችም። እናቷን ታያለች። እናቷ ደግሞ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው ለመለየት እንደሚሞክር ሰው ታዳምጣለች። ያደታ ወደ ወፍራሙ ክር ሲወርድ ትጠብቃለች፤ ሲያልፍ ፊቷ ይወድቃል። ኋላ ቀስ ብላ ተነሥታ በጓዳ በር ወጣች።

"ምን ሆነች?" አሉ ጋሼ እንዳለ።

የመለሰችላቸው ዓያንቱ ናት። አይኗ በእንባ ሞልቶ ነበር፤ "ጋሼ፣ ጥሩ ጊታር ነው። ግን የማን ነው?" አለቻቸው።

ጋሼ ተከትለው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እትዬ በየነች ከጓሮ አንድ የተቆረጠ የቡና ጉቶ አጠገብ ቆማለች።

"እትዬ በየነች፣ ያጎደልኩት አለ?"

"አይ ጋሼ፣ ምንም አልጎደለ። ንቧ ብቻ የለችም።"

"የምን ንብ?"

"ጫካ ተሰቅሎ ሲከርም የግሪኩ በርኩማ ወድቆ ጠፍቷል። እኔን ያገባኝ ጊዜ ከዚህ ቡና ቆርጦ በቢላ ሌላ ጠረበለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍራሙን ክር ሲነካው ዝዝ ይላል። ከጫካ ስትመጣ አንዲት ንብ ውስጡ ቀርታለች እያለ ልጆቹን ያሞኛቸው ነበር። ዓያንቱ ልጅ ሆና ንቧ እንዳትራብ ብላ በቀዳዳው ማር ታፈስበት ነበር።" ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ ወረደ። "አሁን ንቧ የለችም። ቢሆንም አይጎዳም፣ ደክማችኋል፣ ልጅቷ ትውጣ።"

"አይኗን ሳትጠርግ የት ነው የምትወጣው" አልኩ እኔ፤ ሰሚ አላገኘሁም።

ጋሼ እንዳለ ቆመው ጉቶውን እያዩ ቀሩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ቀዳዳው ዳር የጠቆረው... ማር ነው እንዴ?"

"ማር ነው።"

"እሱን አልነካሁትም" አሉ፤ እንደ ሕፃን። ቀጥለው ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እትዬ በየነች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ድሮ ብለሽ ስትልኪብኝ የኔን ድሮ መሰለኝ።"

እኚህ ሰው "ይቅርታ" ሲሉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። የተርቧ ሴትዮ እንኳ ይህን ቃል አላገኘችም።

ተመልሰው ገቡ። የሙሽራው ወገኖች በር ላይ ደርሰው "ሙሽሪትን አውጡልን" እያሉ ይዘፍናሉ፣ የእኛ ወገን ሽማግሎች "ኧረ ቶሎ በሉ፣ እንግዳ ቆመ" ይላሉ። ጋሼ እንዳለ ጊታሩን ከያደታ ተቀብለው መደብ ላይ ተቀመጡና ክሮቹን አንድ በአንድ አረገቡ። የዞጲውን በርኩማ ከፍ አድርገው አወጡት። ዓቢይ ጾሙን ሙሉ የጠረቡት፣ የአባታቸው ከዘራ የተቆረጠለት ነው። ከኮት ኪሳቸው በጥጥ የተጠቀለለውን የቡና እንጨት አወጡ፤ ለባለቤቲቱ መታሰቢያ ይሁን ብለው ይዘውት የመጡት ነው። በጠመመው ፋና ላይ፣ እንደዘመመ አቆሙት። ክሮቹን መልሰው ሳቡና ጊታሩን ለያደታ ሰጡት። ከመደቡ ላይ ግን አልተነሡም፤ አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ።

ያደታ ወፍራሙን ክር ነካው። ዝዝዝ አለ።

የበር ላይ እንግዶች ሳቁ፤ አንዱ "ጊታራችሁ ተሰንጥቋል" ሲል ሰማሁት። እትዬ በየነች ከጓሮ በሩጫ ገባች። መሐል ቤት ቆማ አይኗን ጨፈነች። ያደታ ቀጠለ፤ ንቧ በየዙሩ ትመለሳለች፣ በወፍራሙ ክር ላይ ታርፋለች። ያ የጠራው ድምፅ በጆሮዬ ያማረ ነበረ፣ አልክድም። ይህኛው ግን ሰው ሆኖ ቤቱ ውስጥ ቆመ።

እናትየው አይኗን ገለጠችና ወደ ልጇ ዞረች።

"ተነሺ ልጄ" አለች፤ "አባትሽ መጥቷል።"

ዓያንቱ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ ወደ መቱ ስንመለስ ጋሼ እንዳለ የዞጲውን በርኩማ በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። ጅራታ እንኳ ሁኔታቸውን አይቶ ቀስ ብሎ ነዳ። በመስኮት ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ።

"ምን ልታደርጉት ነው ጋሼ?"

"ለምን ይሆናል? ለዚያ ሆድ ነው የተጠረበው፤ ሌላ ጊታር ላይ አይቆምም። ተመልሶም ከዘራ አይሆንም።"

"እንግዲያው ለኔ ስጡኝ።"

"አንተ ጊታር የለህም።"

"የለኝም።"

ብዙ አዩኝ። በዚህ አስተያየት ስንት ዕቃ ያስጠገነ ሰው እንዳፈረ አውቃለሁ። ከዚያ መዳፌን ዘርግተው አስቀመጡልኝና ጣቶቼን አጠፉልኝ። "ቫርኒሽ እንዳትቀባው" አሉኝ።

ይኸው አሁን ቤቴ ነው። ሚስቴ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ ሥር ልታስገባው ስትል ተጣላን። የሚመጣ ሰው አንሥቶ "ምንድን ነው?" ሲለኝ "ጋሼ እንዳለ የተሳሳቱበት ነው" እላለሁ፤ ይስቃል፤ እሳቸው ሊሳሳቱ መቻላቸውን መቱ ውስጥ ያመነ ሰው ገና አላገኘሁም። እኔ ግን ከሥራቸው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። መንገድ ዳር ባለው መስኮት ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ጠዋት ሥራ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሲያልፉ ሰው አላየኝም ብለው ቆም ይሉና አንገታቸውን አስግገው አቧራ ይዞ እንደሆነ ያዩታል፤ ቀን ቀን በጥጥ የምጠርገውን በዚያች ሰዓት አልነካውም፤ ቆመው ይዩት ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ እቆያለሁ።